ማክሰኞ ማክሰኞ

«አባትየው ናቸው አሉ ያስመረሩት።»

«ኧረ ቀስ በይ!»

«አይሰሙም ባክሽ፣ ደንቁረዋል።»

አባትየው፣ የአውቶቡስ ሹፌሩ፣ ግን ሰምተዋል። ዕድሜ ልካቸውን ከአውቶቡስ ሞተር አጠገብ ተቀምጠው የጠፋው ቀኝ ጆሯቸው ብቻ ነው፤ ግራው መርፌ ስትወድቅ ይሰማል። ይህን ለጎረቤት ማን ይንገር? ዓይናቸውን ጨፍነው እንደተኛ ሰው ወንበራቸው ላይ ተደገፉ። ሁለቱ ሴቶች ሻያቸውን ፉት እያሉ፣ ልጁ በገዛ እጁ መሞቱን፣ ለማንም ትንፍሽ ሳይል መሄዱን እያነሱ እየጣሉ ቀጠሉ። ሐዘን ቤት መቼም ወሬ አይጠፋም።

ሴት ልጃቸው፣ የሟች ታላቅ እህት፣ ብርጭቆ ልትሰበስብ ስታልፍ ቀሚሷን ያዝ አደረጉ።

«ወንድምሽ ይጠላኝ ነበር?»

«አባባ! አሁን ይሄ ይጠየቃል?»

«እኮ ይጠላኝ ነበር ወይ?»

«ትንሽ ጋደም በል።»

አይ አላለችም። ልጃቸው ከተቀበረ ወዲህ ቀን ከሌት የምትመላለስባቸው ይቺው ጥያቄ ናት።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ልጃቸውን አያውቁትም። እሱ ሲያድግ እሳቸው መንገድ ላይ ናቸው። ቤት ሲገቡ ደግሞ ይተኛሉ፤ «ዝም በሉ፣ አባታችሁ ተኝቷል» ይባላል። ልጁም ዝም አለ። ዝም እንዳለ አደገ፣ ሶፋ ሰሪ ሆነ። እጁስ ወርቅ ነበር፤ ያለቀለት ወንበር አዲስ አድርጎ ይመልሳል። አንድ ቀን ሱቁን ዘጋና ተኛ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ወራት። እናቱ በሕይወት ብትኖር ምን እንደሚባል ታውቅ ይሆናል፤ እሳቸው ግን በሩ ላይ ቆመው አየት ያደርጉትና ይመለሳሉ።

እህቱ ጎትታ ሐኪም ቤት ወሰደችው። መድኃኒት ሰጡት። በዚያ ላይ ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት፣ እንደሱ የከፋቸው ሰዎች በሐኪም ቤቱ ጀርባ ባለው ክፍል ተሰብስበው አሻንጉሊት ወደሚሰሩበት እንዲሄድ መከሩት።

«ሶፋ ሰሪ ልጄን አሻንጉሊት ያሰፉት ጀመር!» ብለው ሹፌሩ ለጓደኞቻቸው እየሳቁ አወሩ። ያም ሆኖ አንድ ነገር ልብ ብለዋል፤ ማክሰኞ ጠዋት ልጁ ጺሙን ይላጫል። ሌላ ቀን አይላጭም። ለምን እንደሆነ ጠይቀውት አያውቁም።

በዚሁ የሐዘን ቀን ከሰዓት በኋላ የማክሰኞ ሰዎች በሩ ላይ ተኮልኩለው ታዩ። «አንተ ግባ»፣ «አንቺ ቅደሚ» ይባባላሉ። የቀደመችው ቡድኑን የምትመራው ነርስ ናት፤ ሁሉም ሲስተር ይሏታል። ከኋላዋ አንድ የሒሳብ መምህር ጥቁር ፌስታል እቅፍ አድርጎ ገባ። «እግዜር ያጥናችሁ» ብለው ተቀመጡ። መምህሩ ፌስታሉን ጉልበቱ ላይ ያገላብጣል።

«ምንድነው እሱ?» አሉ ሹፌሩ።

«የሱ ነው» አለች ሲስተር አቀርቅራ። «እኛ ጋ ከሚቀር ብለን ነው።»

ከፌስታሉ የወጣው እጅ ላይ የሚጠለቅ አሻንጉሊት ነው፤ በቡኒ የሶፋ ጨርቅ የተሰፋ። የሹፌር ቆብ፣ የሸበተ ጺም፣ ጎበጥ ያለ ትከሻ፣ የሚከፈት የሚዘጋ አፍ። ጆሮዎቹ ሁለቱም ከልክ በላይ ትልልቅ ናቸው።

«ይሄማ እኔ ነኝ» አሉ ሹፌሩ። «ምን ያደርግበት ነበር? ይሰድበኝ ነበር?»

«እዚያ የተባለ እዚያ ይቀራል። ደንባችን ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ተይው ሲስተር» አለ መምህሩ። «ባለቤቱ ሞቷል፤ ደንቡ ለማን ነው?» ወደ ሹፌሩ ዞረ። «እያንዳንዳችን ልናናግረው የምንፈልገውን ሰው እንሰራለን። እኔ የሞተች ባለቤቴን ሰራሁ። አፍንጫዋ እምቢ ቢለኝ ልጅዎ ነው ያስተካከለልኝ። እሱ እርስዎን ሰራ። እጁ ላይ አድርጎ ያናግርዎታል፤ የእርስዎንም ድምፅ የሚያወጣው ራሱ ነው።»

«እና ምን አለኝ?»

«መጀመሪያ የሚናገሩት እርስዎ ነበሩ።»

«እኔ?»

«አዎ። ከመንገድ ይገባሉ፣ በተሳፋሪው በትራፊኩ ይቀልዳሉ። ሆዳችንን ይዘን ነበር የምንስቀው። ከዚያ አጠገቡ ቁጭ ብለው ‹ቀኑ እንዴት ዋለ፣ ልጄ?› ይሉታል። እሱም የከበደውን ሁሉ ይነግርዎታል። አያቋርጡትም።»

ሹፌሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዋሽቷል። እኔ እንዲህ ብዬ አላውቅም።»

«እናውቃለን። ነግሮናል።»

እህቱ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «እንዲህ ይስቅ ከነበረ ታዲያ ለምን? ለምን ሲስተር? ድኗል ብለን ነበር እኮ!»

«ማክሰኞ ማክሰኞ ደህና ነበር።» ሲስተር እንባዋን ዋጠች። «እኛ የነበረን ማክሰኞ ብቻ ነው፣ እህቴ።»

መምህሩ ገና አልጨረሰም። «መጨረሻ የመጣ ዕለት ደክሞኛል አለ። አሻንጉሊቱን አውልቆ እኔ እጅ ላይ አጠለቀውና ‹ዛሬ አንተ አናግረኝ› አለኝ። ሁሉም ያዩኛል። እኔ የሒሳብ አስተማሪ ምን ልበል? ግራ ገባኝ። እርስዎ የሚሉት የመሰለኝን አልኩት።»

«ምን አልከው?»

«‹አይዞህ፣ ጠንከር በል› አልኩት።» ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «‹እሺ አባባ› አለኝና ጃኬቱን ለበሰ።»

የሹፌሩ እንባ ጺማቸው ውስጥ ገባ።

«አትጸጸት» አሉት። «እኔም ብሆን የምለው እሱኑ ነበር።»

አልጠላቸውም። ጥያቄያቸው ተመለሰች፤ ጭራሽ ባሰባቸው። ቢጠላቸው ይሻል ነበር። ልጁ የወደደው እሳቸውን ሳይሆን ያንን የጨርቅ ሰውዬ ነው፤ እሳቸው ደግሞ አንድም ቀን እሱን ሆነው አያውቁም።

እንግዶቹ ሄዱ። እህቱ ወንበር ስታነባብር ሹፌሩ እጃቸውን አሻንጉሊቱ ውስጥ አስገቡ። ልካቸው ሆነ። ወደ እሷ አዞሩት፤ ጉሮሯቸውን ጠርገው አፉን ከፈቱት።

«ቀኑ… ቀኑ እንዴት ዋለ፣ ልጄ?»

ወንበሩን እንደያዘች ቆመች። ያየችው አባቷን ሳይሆን አሻንጉሊቱን ነው።

«ደህና ነው፣ አባባ» አለች። ወንበሩን ከሌሎቹ ላይ ጫነችና ወደ ጓዳ ገባች።

የአሻንጉሊቱ አፍ እንደተከፈተ ቀረ። ቀጥሎ የሚባለውን አያውቁትም። በግራ እጃቸው ጣቶች አገጩን ቀስ አድርገው ወደ ላይ ገፉና አፉን ገጠሙት።