ወረቀት ላይ ያልሰፈሩ ሽቦዎች

ቡዚድ ሠላሳ አንድ ቁጥር የታሰረበትን ሽቦ ብሎኑን አላልቶ መዘዘውና ጠበቀ። በእጁ የያዘው ንድፍ እንደሚለው ከሆነ መጥፋት የነበረበት የማድረቂያው ሙቀት ማሳያ ነው። የጠፋው ግን የውኃ ፓምፑ መብራት ሆነ። አልጄሪያዊው መሐንዲስ ቡዚድ ንድፉ ላይ በእርሳስ የኤክስ ምልክት አደረገ። ገና ከአሥር ሽቦ ይሄ አራተኛው ስህተት ነበር።

"የማድረቂያው እኮ ሃምሳ ሦስት ላይ ነው" አለ ሙንጂ ፈጠን ብሎ። "ምን አደከመህ፣ እኔን ጠይቀኝ። ሁሉም እዚህ ነው" ግንባሩን በጣቱ መታ መታ አደረገ።

"እኔም የፈራሁት እሱን ነው" አለ ቡዚድ።

ሙንጂ ቀልድ መስሎት ሳቀ።

በቱኒዚያዋ ስፋክስ ከተማ ያለው ወረቀት ፋብሪካ ከተዘጋ ሁለት ወር ሆኖታል። ሠራተኛው ሁሉ ተሰናብቶ የቀሩት ሦስት ናቸው፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሙንጂ፣ መካኒኩ ላዝሀርና ወጣቷ መሐንዲስ ሪም። ማሽኑን የገዙት፣ ቡዚድንም የላኩት የአልጄሪያዋ ሴጢፍ ሰዎች፣ ፍተሻው ካማረ፣ እንዳለ ከነመቆጣጠሪያ ፓነሉ ሊወስዱት፣ ሙንጂንና ላዝሀርንም ለሁለት ዓመት ሊቀጥሯቸው ቃል ገብተዋል። ላዝሀር ሳይፈርም ከልባሽ ገበያ ወፍራም ካፖርት ገዝቶ፣ "ሴጢፍ በረዶ ነው አሉ" እያለ በዚህ ሐሩር ለሰፈሩ ሁሉ ለብሶ አሳይቷል። ሙንጂ ምንም አልገዛም። በሃምሳ አራት ዓመቱ ሌላ ቀጣሪ እንደማያገኝ ግን ያውቃል፤ ከተማው ውስጥ በሩን ያላንኳኳው ፋብሪካ የለም።

ፓነሉን የሠራው እሱ ራሱ ነው። የማሽኑ ሙቀት፣ ግፊትና ፍጥነት በሽቦ ወደዚህ ሣጥን ይገባል፤ ትእዛዙም በሽቦ ይወጣል። ሦስት መቶ ሰማንያ አራት ሽቦ በረድፍ በረድፉ በብሎን ታስሯል፤ እያንዳንዱም አንገቱ ላይ ቁጥር አለው። ሲያዩት ያምራል። ቁጥሮቹ ግን ይዋሻሉ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አለቆቹ "ንድፉን የሚያነብ አንድ ሰው ይበቃል" ብለው የሥራ ባልደረባውን ሲያባርሩ ሙንጂ ደነገጠ። ከዚያ ወዲህ አንዱ ማሰሪያ በተቃጠለ ቁጥር ሽቦውን ወደ ባዶ ቦታ ያዛውራል እንጂ ቁጥሩን አይቀይርም፤ ንድፉም ላይ አያሰፍርም። መጀመሪያ በጥድፊያ ነበር፣ በኋላ ግን ሆን ብሎ ሆነ። ወረቀት ላይ ያለውን ማንም ያነበዋል፤ እሱ ጭንቅላት ውስጥ ያለውን ለማግኘት ግን እሱን ማቆየት ግድ ነው። ብልጠት መስሎት ነበር።

አርባ ሽቦ ተፈተሸ፤ አሥራ ሰባቱ ስህተት ሆኑ። ቡዚድ ንድፉን አጠፈ።

"እጅህ ጥሩ ነው ሙንጂ። ግን አንድ ቀን ብትታመም ማሽኑም አብሮህ ሊተኛ ነው?"

"ኧረ አልታመምም!"

"ፓነሉን አንወስደውም። የምንወስደው ማሽኑን ብቻ ነው። አዲስ ፓነል የሚሠሩልን ደግሞ የራሳቸውን ሰዎች ይዘው ነው የሚመጡት፤ ኤሌክትሪኩንም መካኒኩንም።"

"አንድ ሳምንት ስጠኝ! ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አስተካክልልሃለሁ።"

"የጭነት መኪኖቹ ነገ ይገባሉ። አዝናለሁ። ሽቦዎቹን ዛሬ ቁረጥልን።" መቁረጫውን ፓነሉ ሥር አስቀምጦለት ወጣ።

ሙንጂ ዋናውን ማብሪያ አጠፋ። ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ጥግ ላይ ወረቀት ስትሰበስብ የነበረችው ሪም ሁሉንም ሰምታለች። በየሰኞው ንድፉን ይዛ እየመጣች "ጋሽ ሙንጂ፣ ዛሬ የአሥር ሽቦ ብቻ ትክክለኛ ቦታ ይንገሩኝ" ትለው ነበር። እሱም "ነገ ልጄ፣ ነገ" እያለ ሦስት ዓመት ሸኝቷታል።

ላዝሀር እጁ ግራሶ እንደሆነ እየሮጠ ገባ። ቡዚድን በር ላይ አግኝቶታል።

"ንድፉና ፓነሉ አይተዋወቁም አለኝ እኮ ሰውየው!" ወደ ሪም ዞረ። "ንድፍ የማን ሥራ ነው? ያንቺ አይደለም? ሦስት ዓመት ሙሉ ወንበር ስታሞቂ ከርመሽ!"

ሪም ሙንጂን አየችው፤ ከዚያ ዓይኗን ወደ ወረቀቶቹ መለሰች።

"ተው ላዝሀር" አለ ሙንጂ።

"ምን ተው ትለኛለህ? አንተንም እኮ ነው ጉድ የሠራችህ! ቆይ፣ አሁኑኑ ወጥቼ ለፋብሪካው ባለቤት እነግረዋለሁ። የሥራ ልምድ ደብዳቤ ሲጽፍልሽ እናያለን!"

ደብዳቤው ገና አልተጻፈላትም። ያለሱ ደግሞ ማን ይቀጥራታል?

ሙንጂ መቁረጫውን አንስቶ አንድ ሽቦ ቆረጠ። ቢናገር ኮንትራቱ አይመለስ። ዝም ካለ ቢያንስ ላዝሀር ይቀርለታል፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ምሳ አብሮት የበላ፣ ከነገ ጀምሮ ወደብ ዳር ካፌ አብሮት የሚቀመጥ ሌላ ሰው የለውም። ሁለተኛውን ቆረጠ። የላዝሀር ጫማ ወደ ባለቤቱ ቢሮ በሚያወጣው የብረት ደረጃ ላይ ሲንኳኳ ተሰማ። ሙንጂ እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

"ላዝሀር! እሷ አይደለችም።"

"ምን?"

"በየሳምንቱ ለምናኛለች። እምቢ ያልኳት እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

"እንዳያባርሩኝ።"

ላዝሀር ደረጃው መሃል ላይ ቆመ። ሙንጂ ጩኸት ጠበቀ፤ ቢጮህበት በወደደ።

"ለኔ እንኳን አልነገርከኝም?" አለ ላዝሀር ቀስ ብሎ።

"ለማንም።"

ላዝሀር ወረደ። ሙንጂን ሳያየው አልፎት ወደ ግቢው ወጣ።

ቡዚድም ቢሆን ለባለቤቱ የሚነግረው ንድፉ ስህተት እንደሆነ ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ ጥፋቱን የሚጥለው ሪም ላይ ነው። ሙንጂ መቁረጫውን መሬት ላይ አስቀመጠና ወደ ባለቤቱ ቢሮ ደረጃውን መውጣት ጀመረ።