ፀጉር የማያሳልፍ ጀልባ

ጀምበሬ አናጢ ነው፤ ያውም ኩራተኛ አናጢ። ሱዳን፣ ጀሪፍ የሚባል ሰፈር ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት አልጋና ቁም ሣጥን ሲሠራ፣ እሱ ያጋጠማቸው ሁለት ሳንቃዎች በመሃላቸው ፀጉር አያሳልፉም። ይህን እሱም ያውቃል፣ ደንበኞቹም ያውቃሉ፤ የማያውቅ ሰው ከተገኘ ራሱ ይነግረዋል።

ሚስቱ ልደት፣ ካፉሪ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር፣ አንድ ቪላ ውስጥ የቤት ሠራተኛ ናት። አዳሯም እዚያው ነው። ባልና ሚስት የሚገናኙት አርብ አርብ ብቻ ሲሆን፣ ማዳሟ እንግዳ ከጠራች አርቡም ይቀራል። ልጅ ሳይወልዱ ልደት ሠላሳ ስምንት ዓመት ሞላት። ጀልባው የታሰበው ለዚህ ነው። ሽርሽር የሚወጣውን ሰው ዓባይ ላይ ሊያመላልስበት አቅዶ፣ «ሰው መጫን የጀመርኩ ቀን ካፉሪን ትተያለሽ» አላት። እሷም የአንገት ወርቋን አውልቃ ሰጠችው፤ ወርቁ ተሸጠና ያገለገለ ሞተር ተገዛ።

ጀልባውን ጓሮው ውስጥ ሠራው። ፊቱን ሹል፣ ሆዱን ወደ ኋላ ጠፍጣፋ አደረገው፤ ፍጥነት ሲያገኝ ውሃው ላይ እየተንሸራተተ እንዲሄድ። ይህ አሳምሮ ገብቶታል። ያልገባው ሌላ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ወንዙ ዳር ጀልባ ሲሠራ የኖረው ሱዳናዊው ሐጅ ሙባረክ አንድ ቀን መጥቶ ሳንቃዎቹን በጣቱ ዳሰሰ።

«ያ ጀምበሬ፣ በጣም አጥብቀኸዋል» አለው በዓረብኛ። «ይህ ፀሐይ ያደረቀው እንጨት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። ትንሽ ክፍተት ተውለት፤ ክፍተቱን በጨርቅና በዝፍት ትደፍነዋለህ።»

«ማዓሌሽ ያ ሐጅ፣ ይቅርታ፤ እኔ በጨርቅ የሚደፈን ሥራ አልሠራም።»

ሽማግሌው «ኢንሻአላህ ኸይር፣ ደግ ያድርገው» ብሎ ሄደ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የሚለውን የእኛን አባባል አያውቀውም እንጂ፣ ቢያውቀው ይጨምርለት ነበር።

ሰኞ ጀልባው ውሃ ገባ። ጀምበሬ ብቻውን ሞተሩን አስነስቶ ሲለቀው አፍንጫው ቀና አለ፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ ተስተካከለና በረረ። አንድ ጠብታ አልገባም። ጀምበሬ በደስታ አለቀሰ። ወዲያው ለልደት ደወለላት።

«እርግጠኛ ነህ?» አለችው።

«ፀጉር አያሳልፍም» አላት።

ጀልባው እስከ አርብ ውሃው ላይ ታስሮ ቆየ። ሐሙስ ዕለት ወለሉን መሃል ላይ ጉብ ብሎ አገኘው። ሐጅ ሙባረክን መጥራት አሳፈረውና ሚስማር ጨመረበት።

አርብ ልደት እየሳቀች ተሳፈረች። ከዳር ራቅ እንዳሉ ጀምበሬ ሞተሩን ሙሉ በሙሉ ለቀቀው። አፍንጫው ተነሳ። ወዲያው ከእግራቸው ሥር አንድ ሳንቃ ከነሚስማሩ ተነቅሎ ብድግ አለ፤ አጠገቡ ያለው ሳንቃም ተከተለው። ለአራት ቀን ውሃ የጠጣው እንጨት መሄጃ አጥቶ እርስ በርሱ ሲገፋፋ ከርሟል። የኋላው ሳንቃ ከነሞተሩ ተገንጥሎ ወደ ጥልቁ ወረደ። ባልና ሚስቱን ከውሃው ያወጣቸው የሐጅ ሙባረክ በጨርቅ የተደፈነ አሮጌ ጀልባ ነው። ሽማግሌው ጥምጣሙን ፈትቶ ፊቷን እንድትጠርግበት ለልደት ሰጣት፤ ቢሳደብ ለጀምበሬ ይሻለው ነበር።

ውሃ እያንጠባጠቡ ቤት ሲገቡ ጀምበሬ ከበሩ ጀርባ ሻንጣ አየ። ጠዋት ልደት እንደመጣች በጥድፊያ ይዟት ሲወጣ አላስተዋለውም።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ልብሴ ነው» አለች ልደት። «ማዳምን ትናንት ተሰናበትኳት።»

«ነገ ሄደሽ ብትለምኛትስ?»

«ሌላ ልጅ ገብታለች። አልጋዋን ያነጠፍኩላት እኔ ነኝ።»

ጀምበሬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሚስቱ በየቀኑ ቤቷ እንድታድር ስንት ዓመት ተመኝቷል። ከዛሬ ጀምሮ ታድራለች። እሱ ግን ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።