የአክስቴ ልጅ ያልገባት

የአክስቴ ልጅ ያደገችው ከእኛ ጋር ነው። አባቴ «ሬዲዮ» ይላታል። ጠዋት ስትነሳ የጀመረችውን ወሬ ማታ ትራሷ ላይ ነው የምትጨርሰው። «እስቲ ይህችን ሬዲዮ ቀንሱልኝ!» ይላል፤ ዝም ስትል ግን «ምነው፣ ባትሪ አለቀ እንዴ?» ብሎ የሚጨነቀውም እሱ ነው። እኔ ዝም ስል የሚጠይቀኝ የለም። የእኔ ዝምታ እንደ ቤታችን ግድግዳ ቀለም ተለምዷል።

ዩኒቨርሲቲ ስንገባ እሷ ምሕንድስና፣ እኔ ሶሲዮሎጂ መረጥን። ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ለሁለተኛ ዲግሪ ግን እንደገና አንድ ላይ ወደቅን። ፕሮግራሙ «የጋራ ጥናት» ይባላል። ሐኪሙ፣ መሐንዲሱ፣ የሕግ ባለሙያውና እንደ እኔ ያለው አንድ ጠረጴዛ ከብበው የአንድ ሰፈርን ችግር ያጠናሉ። አንድ የማይሻር ደንብም አለ፤ ማንም የራሱን ጥናት ራሱ አያቀርብም። የሌላ ሙያ ሰው ያቀርብለታል። በመጨረሻ የጥናቱ ባለቤት «ገብቷታል?» ተብሎ ይጠየቃል። «ገብቷታል» ካለ አበቃ። «አልገባትም» ካለ ግን ተነስቶ ያልገባው የቱ እንደሆነ ለጉባኤው ማስረዳት አለበት። ስለዚህ እኔ «አልገባትም» ብዬ አላውቅም ነበር።

የእኔን ሥራ ሁልጊዜ የምታቀርበው ሬዲዮ ናት። ቤት ለቤት ዞሬ፣ በር ላይ ቆሜ፣ ውሻ አባርሮኝ ያመጣሁትን ነገር እሷ ስታወራው ሰው ይስቃል፣ እንባውን ይጠርጋል። ሲያልቅ የሚጨበጠው የሷ እጅ ነው። «አንቺ ልጅ፣ አንጀት ትበያለሽ እኮ!» ይሏታል። እሷ ደግሞ «ኧረ ሥራው የሷ ነው» ብላ ወደ እኔ ትጠቁማለች። ይሄ ይብሳል። ሁሉም ዞር ብለው ፈገግ ይሉልኛል፣ ቦርሳዋን ይዤ የቆምኩላት ይመስል። እናቴም ቤት ስንገባ ትደግመዋለች፤ «እንደሷ ብትናገሪ ምን ነበረበት?»

ዘንድሮ ፕሮግራሙ አንድ ረዳት መምህር ሊቀጥር ሆነ። ተጣርተን የቀረነው እኔና እሷ ነን። የሷ ጥናት የአንድ ሰፈር የጎርፍ መውረጃ ነው፤ የእኔ የፕሮግራሙ የራሱ ታሪክ። በምሥረታው በዓል ቀን በእንግዶች ፊት እሷ የእኔን፣ እኔ የሷን እናቀርባለን። የሌላዋ ሥራ ያልገባት ትወድቃለች። ሁለታችንም ከገባን ዳኞቹ ይመርጣሉ። ማንን እንደሚመርጡ ለመገመት ደግሞ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

የፕሮግራሙ በራሪ ወረቀቶች «ለሕዝብ ካለ ፍቅር የተወለደ» ይላሉ። እኔም እንደዚያ ብዬ ልጽፍ ነበር። መሥራቿ ጡረታ የወጡ የሕግ መምህርት ናቸው። ቤታቸው ሄጄ ስጠይቃቸው መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ።

«የምን ፍቅር ነው ልጄ? ቅናት ነው እንጂ! ጻፊው፤ ሁለቱም ያውቁታል።»

ሁለቱ አንድ ሐኪምና አንድ መሐንዲስ ናቸው። ያኔ ወጣት መምህራን ነበሩ። ከወንዝ ማዶ ባለ አንድ መንደር ሁለቱም ይሠራሉ፤ ሰላም ግን አይባባሉም። አንዱ ክሊኒክ ሲከፍት ሌላው የውሃ ጉድጓድ ያስቆፍራል። የአንዱ ፎቶ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ሌላውን ያመዋል። አንድ ጊዜ መሐንዲሱ ማንንም ሳይጠይቅ ጉድጓዱን ከክሊኒኩ መጸዳጃ አጠገብ አስቆፈረ። ሐኪሙ አየ። አየና ዝም አለ፤ ሰውዬው ይዋረድልኝ ብሎ። መንደሩ በተቅማጥ ወደቀ። መሥራቿ ሁለቱን ጠርተው አንዱ የሌላውን ሥራ እንዲያቀርብ ያስገደዷቸው ከዚያ በኋላ ነው። ደንቡም፣ ፕሮግራሙም ከዚያ መጣ።

ይህን ስጽፍ እጄ አልከበደም። ሐኪሙ ቆሞ ጉድጓዱን ሲያይ ሆዱ ውስጥ ምን እንደነበር ማንም ሊያስረዳኝ አላስፈለገም።

በበዓሉ ቀን፣ ዛሬ ሽማግሌ የሆኑት ሐኪሙና መሐንዲሱ ፊት ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሬዲዮ ተነሳች። አዳራሹን ገና በሰላምታዋ ያዘችው። የክሊኒኩን መከፈት፣ የጉድጓዱን መቆፈር በአንድ እጇ እያሳየች ስትተርክ እኔ የጻፍኩት መሆኑን እኔው ራሴ ረሳሁት። አንጀቴ አረረ። ከዚያ ጉድጓዱ ጋ ስትደርስ «በመካከላቸውም አለመግባባት ተፈጠረ» አለችና አለፈችው። በቃ። አየና ዝም አለ የሚለው የለም። ቅናት የሚለው ቃል የለም። «ለሕዝብ ባላቸው ፍቅር ግን ታረቁ» ብላ ጨረሰች። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

መሥራቿ ከዳኞቹ ወንበር ወደ እኔ አዩ። «ገብቷታል?»

ሬዲዮ እየሳቀች ታየኛለች። መልሱን አስቀድማ የምታውቅ ሰው አስተያየት ነው።

«አልገባትም» አልኩ።

ጭብጨባው በአንዴ ቆመ። ከኋላዬ አንዱ «እንዴ!» ሲል ሰማሁ። ተነሳሁ። የፊቴን ወንበር መደገፊያ ያዝኩ። «ታሪኩ የፍቅር አይደለም» አልኩ። «ሐኪሙ ጉድጓዱን አይቷል። ዝም ያለው ስለቀና ነው። ደንባችን የመጣው ሰው እንዲዋደድ አይደለም። የምንቀናበትን ሰው ሥራ በአፋችን እንድንይዘው ነው።»

ሐኪሙ በከዘራቸው ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሱ።

«ልክ ናት» አሉ። «አይቻለሁ። እንዲዋረድ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። የታመሙትን ያከምኩትም እኔው ነኝ።»

መሐንዲሱ አጠገባቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔስ ለምን እዚያ ያስቆፈርኩ ይመስልሃል? ወደ አንተ የሚመጣ ሁሉ መጀመሪያ የእኔን ጉድጓድ እንዲያይ ብዬ ነዋ! ቁጭ በል አሁን፣ ትወድቃለህ።»

አዳራሹ ለመሳቅ ፈራ፤ ከዚያ ሳቀ። ሬዲዮ መድረኩ ላይ ወረቀቱን ጨብጣ እንደቆመች ናት። አንገቷ ቀልቷል። ደስ አለኝ።

ቀጥሎ ተራው የእኔ ሆነ። የጎርፍ መውረጃዋን አቀረብኩ። ማንንም አላሳቅኩም። ውሃው ከየት ተነስቶ የትኛው ቤት በር ላይ እንደሚቆም፣ ቦዩ ለምን ሁለት ክንድ መስፋት እንዳለበት፣ ቢሰፋ የማን አጥር እንደሚፈርስ አንድ በአንድ ተናገርኩ። ስጨርስ ነው አሁን ቃሉ የሷ መሆኑን ያሰብኩት። አንድ «አልገባትም» ብትል ሁለታችንም ወደቅን ማለት ነው። እኔ ብሆን እላታለሁ ብዬ አሰብኩ።

«ገብቷታል?» አሉ መሥራቿ።

«በደንብ ገብቷታል» አለች ሬዲዮ። አፍታም አልፈጀባትም።

የረዳት መምህርነቱ ሥራ ለእኔ ሆነ። ስንወጣ ግን ሰው የከበበው እሷን ነው። «ያች እንደዚያ አድርጋሽ አንቺ ገብቷታል ትያለሽ? ትልቅ ልብ ነው ያለሽ!» እኔ ደረጃው ሥር ቆሜ ጠበቅኳት።

አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ትከሻዋ ትከሻዬን ሲነካኝ አልራቀችም።

«ለምን ዘለልሽው?» አልኳት።

«ያጋነንሽ መስሎኝ ነዋ» አለች። «የተማረ ሰው ቀንቶ መንደር ሲታመም ዝም ይላል? አላመንኩሽም። ሽማግሌው ባይነሱ አሁንም አላምንሽም ነበር።»

«እሺ፣ ኋላስ? እኔ እንደዚያ ካልኩ በኋላ፣ አልገባትም ለማለት ትንሽ እንኳን አላሰኘሽም?»

ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። ጥያቄው እንግዳ እንደሆነባት ዓይኗ ይናገራል።

«ለምን ብዬ? ገብቶሽ የለ እንዴ!»

ከዚያ በመስኮቱ እያየች ስለ ጫማዋ ተረከዝ ማውራት ጀመረች። የምትናገረውን አልሰማሁም። ደሞዙም፣ ቢሮውም፣ ስሜ የሚለጠፍበት በርም የእኔ ነው። እሷ ግን በሕይወቷ ሙሉ ያ ሐኪሙን ዝም ያሰኘው ነገር ሆዷ ገብቶ አያውቅም። ከልጅነታችን ጀምሮ በብዙ ነገር ቀንቼባታለሁ፤ የዚያን ቀን ማታ በአውቶቡሱ ውስጥ እንደቀናሁባት ግን ቀንቼባት አላውቅም።