ባለ አንድ ዓይኑ ዳይኖሰር

አባቴ የወንድሜን የክንዱን ስም መጥራት ካቆሙ ሦስት ዓመት አልፏል። ክንዱ በስልሳ ዘጠኝ ሲገደል "ፀረ አብዮት ነው፣ ማልቀስ ክልክል ነው" ተባልን። እኔ ተደብቄም ቢሆን አለቀስሁ። እሳቸው ግን ፍትሐት እንኳ አላስፈቱለትም። "አንድ ጥፋት ባይኖርበት እንዲህ አይሆንም ነበር" አሉ። ቀበሌ ያለውን ይበል፤ የአባቴ ነው አንጀቴን ያሳረረው።

እሳቸው ዘጌ የሚኖሩ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ናቸው። እኔ ባሕር ዳር ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ ረዥም አንገት የማስተምርበት ሳምንት ደርሶ ትምህርት ቤቱ አንድም ሥዕል የለውም። የሚሣልበት አቡጀዲ ገዝቼ በጀልባ ወደ እሳቸው ሄድሁ።

"አባዬ፣ ቀጭኔና ዳይኖሰር ይሣሉልኝ።"

"ዳይኖሰር ደግሞ ምንድን ነው?"

"ድሮ የነበረ አውሬ ነው። አንገቱ ከዚህ እስከዚያ የቡና ዛፍ ይደርሳል። አሁን ዘሩ ጠፍቷል።"

"አንገቱን ምን አስረዘመው?"

መሬት ላይ በእንጨት እየጫርሁ አስረዳኋቸው። አንገቷ ከሌሎቹ ትንሽ ረዘም ያለችው ቀጭኔ በድርቅ ጊዜ ሌላው የማይደርስበትን ቅጠል በልታ ተረፈች፤ እሷን የመሰለ ወለደች፤ እንዲህ እያለ በብዙ ሺህ ትውልድ አንገቱ ረዘመ። ወንዶቹ በአንገት ስለሚማቱ ነው የሚሉም አሉ። ዳይኖሰሩ ደግሞ ያን ሁሉ ገላ ተሸክሞ ከሚዞር፣ አንድ ቦታ ቆሞ አንገቱን ብቻ እያዞረ ዙሪያውን ይበላል። የአንገቱ አጥንት ውስጡ አየር ስለነበረው አይከብደውም። በእግዜር ሥራ ገባሽ ብለው ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ "ብልህ ነው" አሉ።

በሳምንቱ ሥዕሉን ጠቅልለው ቤቴ ድረስ ይዘውልኝ መጡ። ሲያምር! ቀጭኔዋ ፊት ለፊት በሁለት ትልልቅ ዓይኖቿ ታያለች። ዳይኖሰሩ ግን በጎን ዞሯል፤ ያለው አንድ ዓይን ብቻ ነው። የሠዓሊ ልጅ አይደለሁ፣ ወዲያው ገባኝ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ኃጥእ በአንድ ዓይን ነው የሚሣለው።

"ምን በደለና ነው እንደ ይሁዳ በአንድ ዓይን ያስቀሩት?"

"ዘሩ ጠፍቷል አላልሽኝም? ያለ ጥፋት እንዲህ አይጠፋም።"

ደሜ ፈላ። "አባዬ፣ ምንም አላጠፋም። ቅጠሉን በላ፣ እንቁላሉን ጣለ፣ ክፉ ዘመን መጣበትና ሞተ። የሞተ ሁሉ ጥፋተኛ ነው እንዴ?"

ስለ ክንዱ ላነሳ አላሰብሁም ነበር። ካልሁት በኋላ ግን ስለ እሱ እንደሆነ ለሁለታችንም ገባን። አባቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ።

"ልጄም ምንም አላጠፋም" አሉ። "እያወቅሁ ነው። አንቺንም እንዳይወስዱብኝ ፈራሁ። በፍርሃት ያልሁትን ውዬ አድሬ አመንሁት።"

እግራቸው ሥር ተቀመጥሁ። ያን ሁሉ ጊዜ ተቀይሜያቸው እንደነበር ነገርኋቸው። "አውቃለሁ" አሉና ራሴን ዳበሱኝ። ከዚያ ተነሡ።

"ነይ፣ ቄሱ ጋ እንሂድ፤ ፍትሐት ይፍቱለት። የክርስትና ስሙን እኔው ልንገራቸው።"

መንገድ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ወልደ ሐዋርያት፣ ወልደ ሐዋርያት ልጄ" እያሉ አለቀሱ። እጃቸውን ይዤ አብሬ አለቀስሁ።