መርዶ በስልክ

ማዳም ነኢማ ማለዳ ላይ፣ ዐረብ አገር ዳሒዬ በሚባል ሰፈር ባለው ቤታቸው ሲያርፉ አጠገባቸው የነበረችው ሠራተኛቸው ሰሊማ ብቻ ናት። ዓይናቸውን ከደነች፤ አገጫቸውን በሻሽ አሰረች። ከዚያ እንባዋ መጣ፤ ግን ዋጠችው። መጀመሪያ አደራው ነበር።

የማዳም ነኢማ በሽታ የአንጎል ካንሰር ነው፤ ቸኩሎ የሚያድገው፣ ምሕረት የማያውቀው ዓይነት። ሆስፒታሉ ገና በሙከራ ላይ ያለ መድኃኒት ሲሰጣቸው እብጠቱ ሟሸሸ። ሴትዮዋም ተነስተው ወጥ ቤት ገቡና እንደ ድሯቸው ሰሊማን በጨው ብዛት ይጨቀጭቋት ጀመር። ከዚያ በሽታው ተመልሶ መጣ፤ ያው መድኃኒት ዳግመኛ አልመለሰውም። ለምን? ሐኪሞቹ መልሱን የሚያገኙት እብጠቱን ራሱን ሲመረምሩ ነው፤ በሕይወት ካለ ሰው ደግሞ የሚወስዱት ጥቂት ነው። "ስሞት ይውሰዱት" ብለው ማዳም ፈረሙ። የሰሊማንም እጅ ይዘው፣ "ያኒ፣ ይሄ በሽታ እኔን አሸንፎ ምስጢሩን ይዞ አይቀበርም። አማኔ ሰሊማ፣ አደራሽን" አሏት። ልጃቸው አባስ ይህ ወሬ በተነሳ ቁጥር ሲጋራውን ይዞ በረንዳ ይወጣል።

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ። ሰሊማ ለማዳም ሐኪም ለዶክተር ፊርደውስ ደወለች። ቀጥላ ኦዛይ በሚባል ሰፈር የእንጨት ሥራ ወዳለው ወደ አባስ ደወለች፤ እዚህ ላይ ግን ወሎዬነቷ ያዛት። በእሷ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ባለ ሐዘኑ እህል ቀምሶ እንዲያድር ይደረጋል፣ የሚረዳው ጎህ ሲቀድ ነው። ስለዚህ፣ "ማማ ትንሽ ደክመዋል፤ ሲመችህ ና" አለችው።

"ያላ፣ ይቺን በር ልጨርስና መጣሁ" አላት።

ዶክተሯ ከአምቡላንስ ሠራተኞች ጋር ስትደርስ አባስ ገና ሥራ ቦታው በሩን እየሠራ ነበር።

"ልጃቸውስ?" አለች። "እሳቸው ቢፈርሙም ያለ ልጃቸው ፈቃድ አልነካቸውም። ጊዜ ደግሞ የለንም። ከቀትር ካለፈ የሚወሰደው ነገር ለምርምር አይሆንም።"

ሰሊማ የሠራችው ያኔ ገባት። የገዛ አባቷ ሲሞት ቤተሰቦቿ፣ ሰው አገር ብቻዋን እንዳትረዳ ብለው ደብቀዋት ነበር። "አባባስ?" ባለች ቁጥር "ደህና ነው፣ መስጊድ ሄዷል" ይሏታል። እሷም ለሞተ ሰው ካፖርት ገዝታ ላከች። እውነቱን የሰማች ቀን በንዴት ስልኳን ግድግዳ ላይ ወርውራለች። ዛሬ ደግሞ ራሷ ያንኑ ደገመችው። አፈረች፤ በራሷም ተናደደች። ለአባስ ያለችውንም ለዶክተሯ ነገረቻት።

ዶክተሯ ስልኳን አወጣች። "ኸላስ፣ በቃ እኔ እነግረዋለሁ።"

"አይሆንም ዶክተር። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ የምነግረውም እኔ ነኝ።"

ራሷ ደወለች።

"ሚስተር አባስ፣ ቁጭ በል።"

"ምን ሆነች?"

"ማማ አርፈዋል። ዛሬ ማለዳ፣ እጃቸውን ይዤ። ቅድም ዋሽቼሃለሁ።"

ከወዲያ ማዶ የመጋዙ ጩኸት ቆመ። "ለምንድነው የዋሸሽኝ?" አለ አባስ።

"በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም። አስቤልህ ነው። ግን ዶክተሯ እዚህ ቆማለች፤ ማማ ያሉት ነገር ከቀትር በላይ አይጠብቅም።"

"የእናቴን ጭንቅላት ሊከፍቱ ነው የምትይኝ?"

"እሳቸው ናቸው ያሉት፤ አንተ በረንዳ ላይ ሆነህ።"

የአባስ ማልቀስ ይሰማል። ሰሊማ ግን ስልኩን አልዘጋችም።

"የአባቴን ሞት ደብቀውኛል" አለች። "አባቴ አፈር ሲለብስ እኔ እዚህ ስስቅ ነበር። የሞተበትን ቀን እስከ ዛሬ አላውቀውም። አንተ እሺም በል እምቢም በል፣ ግን ሳታውቅ እንዲያልፍህ አላደርግም።"

አባስ ረጅም ትንፋሽ ወሰደ። "ስልኩን ለዶክተሯ ስጪያት።"

ዶክተሯ አዳመጠች፤ "አዎ... ፊታቸው አይነካም... ሆስፒታል መጥተህ ትፈርማለህ" አለች። ከዚያ ለሠራተኞቹ ራሷን ነቀነቀችላቸውና ስልኩን ለሰሊማ መለሰች።

"ሰሊማ" አለ አባስ። "እስክደርስ ብቻዋን አትተያት።"

"አልተዋቸውም።"

ደረጃውን ከቃሬዛው ጎን ጎን ወረደች፤ አምቡላንሱ ውስጥም አጠገባቸው ተቀመጠች። በሩ ሲዘጋ ለማዳም ነኢማ ማልቀስ ጀመረች፤ መንገዱ ሲጋመስ፣ ቀኑን ለማታውቀው ለአባቷም አለቀሰች።