ያለ ፍሬን አይወጣም

ከሰፈራችን የበጎ አድራጎት ክበብ የቀደመ በጎ አድራጊ ካለ ኖኅ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ያሳፈረው ቤተሰቡን ነው። ክራንችና ተሽከርካሪ ወንበር እየጠገንን ለቸገረው እናውሳለን። መሥራቻችን አናጢ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ያዋሰው ክራንች አንድ ሽማግሌ ሥር ተሰብሮ የሰውዬውንም ዳሌ አብሮ ሰበረ። ከዚያ ወዲህ ሕጋችን አንድ ነው፦ የጠገነ ራሱ ይሞክር። ክራንች ከሆነ ይሄድበታል፤ ተሽከርካሪ ወንበር ከሆነ ተቀምጦበት ከክበቡ አዳራሽ በር ቁልቁል ይለቀቃል። ታች የጭነት መኪና መንገድ አለ። ቁልቁለቱ ፍየል እንኳ ቆማ የምታስብበት ነው።

ያን ቅዳሜ የጠገንኩት ወንበር ለልብስ ሰፊዋ ነበር። ከደረጃ ወድቃ እግሮቿ አልታዘዝ ካሏት ወዲህ አሠሪዋ፣ “ሰኞ ካልመጣሽ ቦታሽን ለሌላ እሰጣለሁ” ብሏታል። ታላቅ ወንድሟ አዝሎ አምጥቶ አዳራሹ በር ላይ አስቀመጣት።

“ጋሼ፣ እርግጠኛ ነዎት?” አለችኝ።

“እኔ የጠገንኩት ላይ አውሮፕላን ቢያርፍ አይነቃነቅም!”

ሊቀመንበራችን ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። የሰፈሩን ግማሽ፣ እኔንም ጭምር በእጃቸው ስለተቀበሉ ለጉራዬ ደንታ የላቸውም። “ስትወለድም እንዲሁ ትጮህ ነበር። ቁጭ በል!” አሉኝ።

ለቀቁኝ። ነፋሱ ጆሮዬን ገረፈው። መሃል ላይ ሁለቱንም ፍሬን ሳብኩ። ግራው ያዘ፤ የቀኙ እጀታ ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ወንበሩ ተንጋደደ፣ የጭነት መኪና ጥሩንባ ነፋ፣ እኔም ቀኝ እግሬን መሬት ላይ ተከልኩ። የጫማዬ ሶል ተገሽልጦ ሲቀር የፊት ጎማዎቹ አስፋልቱን ነክተው ቆሙ።

አዋላጇ እያለከለኩ ደረሱ። “ያቆመህ ፍሬኑ ነው ጫማህ?”

ከላይ ሆኖ ያየ የለም። ልብስ ሰፊዋ አንገቷን አስግጋ ትጠብቃለች። ፍሬኑ ነው ካልኩ ሰኞ ሥራዋ ላይ ናት፤ ጫማው ነው ካልኩ መለዋወጫው እስኪመጣ ቦታዋ ሄደ። ምላሴ ደግሞ ሲጨምር እንጂ ሲቀንስ አይታወቅም።

“ጫማዬ ነው” አልኩ።

“እንግዲያው ያለ ፍሬን አይወጣም” አሉ አዋላጇ፤ ወንበሩን እየገፋን አዳራሹ በር ስንደርስም ለሁሉም ደገሙት።

ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

“ፍሬን አለው!” ብዬ ጮህኩ። “ይኸው፣ ዘጠና ኪሎ ፍሬን! ዕቃው እስኪመጣ ጧትና ማታ ከኋላ እይዛታለሁ።”

“አንተ? ጧት ተነስተህ ታውቃለህ?” አለ ወንድሟ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

አዋላጇ ግን አልሳቁም። “ነፍስሽ ያንቺ ናት ልጄ። ምን ትያለሽ?”

ቁልቁለቱን አየች። እኔን አየች። የተገሸለጠ ጫማዬን ደግሞ ረጅም ጊዜ አየችው።

“ይያዙኝ” አለች።

ሰኞ ጧት ካፊያ ጥሎ ወደ ሥራዋ የሚወስደው ያው ቁልቁለት ሳሙና ሆኗል። ወንበሩ እንደ ደነበረ በቅሎ ይጎትተኛል፤ መዳፌ ተቃጠለ፣ እግሬ ይንሸራተታል፣ ታች ጭነት መኪኖች ይተላለፋሉ። ወኔ ልሰጣት ብዬ ጀመርኩ፦ “አንድ ጊዜ ያበደ በሬ በቀንዱ ይዤ…”

“ጋሼ!” አለች የወንበሩን ክንድ ጨምድዳ፣ “በሬውን ይልቀቁና እኔን ይያዙ!”

ለቀቅሁት። እስከ አስፋልቱ ዳር ድረስ አንድ ቃል ሳልተነፍስ ያዝኳት።