አስራ አንደኛው ሠራተኛ

ወርቂቱ በስደት በምትኖርበት በፍሩትቬል ሰፈር ውስጥ ለበርበሬ ፋብሪካ የሚሆን መጋዘን ተከራየች፤ ለትልቁ ወፍጮ የሚበቃው የኤሌክትሪክ መስመር ግን በሯ ሊደርስ ሁለት የመንገድ ብሎክ ሲቀረው ይቆማል። ከተማው በራሱ ወጪ የሚያስዘረጋላት አስር ሰው ከቀጠረች ነው። ከተማው እንድትሞላ የሰጣት ፎርም «ስንት ሠራተኛ?» ቢላት ተናደደች። ሰው ከረጢት ነው እንዴ በቁጥር የሚጻፈው? የምትቀጥራቸውን የቸርቿን ሰዎች በየስማቸው ዘረዘረች፦ «እትዬ ዘነቡ፣ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ተቀምጠው በርበሬ የሚቀነጥሱ…»

የከተማው ሠራተኛ ፋሲል አንብቦ ፈገግ አለ። «እትዬ ወርቂቱ፣ አስር ይበቃል እኮ። አስራ አንደኛው፣ ተገኘ የሚባለው፣ ሥራው ምንድን ነው?»

«ባለቤቴ ነው። መርሳት ጀምሯል፤ እኔን ሲያጣ ይጨንቀዋል። ሥራው አጠገቤ መቀመጥ ነው።»

 ፋሲል እስክሪብቶውን አንስቶ ከተገኘ ስም ጎን «ፉል ታይም» ብሎ ጻፈ።